በጋሽ መርሻ ደጅ ያለፈ ሸክም

የድሮ ሰፈሬ ልጅ፣ ብረት በያጁ በላቸው ደውሎ «ጋሽ መርሻ አረፉ» ሲለኝ ሜክሲኮ ቢሮዬ ውስጥ ነበርኩ። የመለስኩለት መልስ ለሰሚ ግራ ነው። «አረጋግጣችኋል?» አልኩት። ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየመኝ ነበር። በላቸው ግን «አዎ፣ ሐኪምም አይቷቸዋል» አለኝ። ይህን የምንባባለው አእምሯችንን ስተን አይደለም። ጋሽ መርሻ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ተለቅሶላቸዋል፤ በሕይወት እያሉ፣ እኔና በላቸው ተሸክመናቸው። እነግራችኋለሁ። ግን ሰውየውን ሳታውቁ ታሪኩን ብቻ ብትሰሙ ቀልድ ይመስላችኋል፤ እኔ ደግሞ በእሳቸው መቀለድ አልፈልግም፤ ማለቴ፣ ከሚገባው በላይ።

ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ። ካዛንቺስ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በጭንቅ የሚያሳልፍ መንደራችን ውስጥ ከልጃቸው ከሂሩት ጋር በቀበሌ ቤት ይኖሩ ነበር። ቁመታቸው ረጅም ነው፤ ድምፃቸው ደግሞ ከቁመታቸው ይረዝማል። ኮታቸውን ሳይለብሱ ደጅ አይወጡም። ደጁ እኮ ሌላ አይደለም፣ የገዛ በራቸው ላይ ያለች አግዳሚ ናት። ሲያስተምሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ ስህተት ሲሰሙ አንዱን ዓይን ብቻ ይከፍታሉ። ያቺን አንድ ዓይን የፈራሁትን ያህል የመሥሪያ ቤቴን ኃላፊ ፈርቼ አላውቅም።

እሳቸው ዘንድ የሄድኩትም በዚሁ ኃላፊ ምክንያት ነው። «እንግሊዝኛህን ካላሻሻልክ ካሪየርህ እዚህ ላይ ያበቃል» አለኝ። ተናድጄ ሄድኩ። አዲስ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ስቀርብ ጋሽ መርሻ ደብተሩን ከእጄ ተቀበሉና ተቀመጡበት።

«አግዳሚው ይቀዘቅዛል» አሉ። «በል አሁን መንገዱን እይ። የሚያልፈው ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ በአማርኛ ንገረኝ።»

አንዲት ሴት መጣች። «ልጇን ይዛ እያለፈች ነው» አልኩ።

አንዷ ዓይን ተከፈተች። «የት ነው የያዘችው?»

«ጀርባዋ ላይ።»

«ታዲያ አዝላ አትልም?»

ከሴትዮዋ ኋላ አንድ ሰው ሲሚንቶ ተሸክሞ አለፈ። ሱቅ በደረቴ የሚሠራው ጎረምሳ የማስቲካ ሳጥኑን አንግቶ፣ አንዲት ተማሪ መጽሐፎቿን አቅፋ፣ አንድ አባወራ ዶሮ አንጠልጥሎ፣ አንድ ሽማግሌ ጋዜጣቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው አለፉ። እኔ እየጠራሁ፣ እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ቆየን። ከዚያ «ሁሉንም በእንግሊዝኛ ጥራቸው» አሉኝ። እፎይ አልኩ። ለሴትዮዋም፣ ለሲሚንቶውም፣ ለዶሮውም፣ ለጋዜጣውም «ኬሪ፣ ኬሪ፣ ኬሪ» ብዬ ጨረስኩ።

«እንግሊዝኛ ቀላል ነው ለካ» አልኳቸው።

«የምን ቀላል፣ ግራ የሚያጋባ ነው እንጂ» አሉ። «ያን ያህል መርከብ ጭኖ ዓለምን ሲዞር የኖረ ሕዝብ፣ እናት ልጇን ስታዝልም ሰውዬ ዶሮ ሲያንጠለጥልም እንዴት አንድ ቃል ይበቃዋል? አንተን አይገርምህም?»

እውነቱን ለመናገር አልገረመኝም። እኔ የፈለግኩት እድገት ነው። እሳቸው ግን ይህቺን ቃል ይዘው በቃ አለቀቁኝም። አንድ ቅዳሜ ገና ሳልቀመጥ «ኬሪ እኮ እንግሊዝ አገር አልተወለደችም» ብለው ተቀበሉኝ። እንደነገሩኝ ከሆነ፣ የጥንት ሮማውያን ከሰሜን ጎረቤቶቻቸው አንድ ዓይነት ጋሪ አይተው ወደዱ። ጋሪውን ሲወስዱ ስሙንም አብረው ወሰዱ። ከዚያ ስም የፈረንሳይ ሰዎች በጋሪ ማጓጓዝ የሚል ግስ አወጡለት። ፈረንሳይኛ የሚናገሩ ጌቶች እንግሊዝን ሲገዙ ግሱም አብሯቸው ገባ።

«ስለዚህ ኬሪ ማለት ጋሪ ላይ ጭኖ መውሰድ ነበር» አሉ። «ገባህ? ጋሪ ደግሞ ጀርባም አንገትም ብብትም የለውም። ምን ብትጭንበት ያው ነው። እኛ ሸክምን የምንጠራው በገላችን ነው። ማንገት ስትል አንገትህ እዚያው አለ።»

ከዚያ ወዲህ የቃሏን ዘመድ የማያገኙበት ቦታ ጠፋ። ስልኬን ስሰካ «ቻርጅም እህቷ ናት፤ ጋሪ መጫን ማለት ነበር» ይላሉ። ካርጎም የእሷው ወገን ነው። ካሪየር ያልኳቸው ቀን እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ካሪየር ዱሮ የጋሪ መንገድ ነበር። አለቃህ የጋሪ መንገድህ ተዘጋ ነው ያለህ» አሉ። የሚኒባስ ጣሪያ ባዩ ቁጥር ደግሞ ጣሊያን ሌላ የመሸከም ቃል ትቶልን እንደሄደ፣ ፖርቶ መጋላ የምንለው እሱ እንደሆነ ያስታውሱኛል። እኔም ብልጥ ልምሰል ብዬ አንድ ቀን «ታዲያ የኛ ጋሪም ከዚያው የመጣ ነዋ» አልኩ። አንዷ ዓይን ተከፈተች። «ስለተመሳሰሉ ዘመድ አታድርጋቸው። ከህንድ በኩል ነው የመጣው የሚሉ አሉ። እኔ አላውቅም፤ አንተ ስታውቅ ንገረኝ።»

አንድ ነገር ብቻ አስቸግሯቸው ነበር። እንግሊዞች የሰው ድምፅ ከሩቅ ሲሰማም በዚችው ቃል ይጠቀማሉ፤ ድምፁ ይሸከማል እንደማለት። «ምን ተሸክሞ?» ይላሉ ጋሽ መርሻ። «ሰው ሲናገር ድምፁ ምን ይዞ ነው የሚሄደው?» መዝገበ ቃላት ያገላብጣሉ፣ ያገኙትን የተማረ ሰው ሁሉ ይጠይቃሉ፣ የተሰጣቸው መልስ ግን ጠብ አይልላቸውም። ሻይ ላይ ሆነን ሌላ ወሬ ጀምሬ እንኳ በመሃል «ምን ይዞ?» ይሉኛል።

ከእንግሊዝኛው ሌላ የእድር ሥራ ነበራቸው። መንደራችን ጠባብ ስለሆነ የአስከሬን መኪና አይገባም፤ ሟች ከቤቱ እስከ አስፋልቱ በቃሬዛ ነው የሚወጣው። ያንን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ሰውን በትከሻው ከፍታ ያጣምራሉ፤ አጭርና ረጅም ተጣምሮ ሟች እንዲያዘነብል አይፈልጉም። ከፊት ከፊት እየሄዱ «ዝቅ»፣ «ወደ ቀኝ»፣ «ቦይ አለ» ይላሉ። አንድ የማይታለፍ ሕግም አላቸው። ከኋላ የመጣ ሰው «ልቀበልህ» ካለህ ወዲያው ትሰጠዋለህ። አልደከመኝም ማለት አይሠራም። በላቸው ጉልበቱን ስለሚያምን አንድ ቀን «ግድ የለም፣ እችላለሁ» ቢል ሰልፉን አስቁመው፣ ሟች ትከሻ ላይ እያሉ ተቆጡት። «መቻልህን ማን ጠየቀህ? ሰውየው የሁላችንም ናቸው» አሉት። ከዚያ ወዲህ በላቸው ልቀበልህ ሲባል ቃሉ ሳያልቅ ነው የሚሰጠው።

ኋላ ጉልበታቸው ከዳቸው። መጀመሪያ በከዘራ ሄዱ፣ ቀጥሎ ግድግዳ እየያዙ፣ በመጨረሻ ከአልጋቸው አግዳሚዋ ድረስ ብቻ ሆነ። ብዙም አልከፋቸውም። መንገዱ ፊታቸው ነው፣ ሸክሙ ሁሉ በደጃቸው ያልፋል። ሥራ ላይ እያለሁ ይደውሉና «ፍራሽ አናቱ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ የደገፈ ሰው አየሁ፤ ይኼን ምን እንበለው?» ይሉኛል። ስብሰባ ላይ ነኝ ብላቸው እንኳ «ግድ የለም፣ አስብበት» ብለው ነው የሚዘጉት።

ከዚያ ካዛንቺስ ይፈርሳል ተባለ። ሁሉም የት እገባለሁ ብሎ ይጨነቃል። ሂሩት ከአካባቢው ሳንርቅ ብላ መስቀል ፍላወር አካባቢ ኮንዶሚኒየም ተከራየች፤ ምድር ቤት ፈልጋ ፈልጋ ስታጣ ሦስተኛ ፎቅ። ለጋሽ መርሻ ፎቅ መሆኑን ነገረቻቸው። በማግስቱ እኔን አስጠሩኝ።

«እዚያ ከወጣሁ አልወርድም» አሉ።

«እናወርድዎታለን እንጂ።»

«ማን?»

«እኔ፣ በላቸው፣ የእድሩ ሰው። ማን ይጠፋል?»

«ተሸክማችሁ?»

«ታዲያስ።»

«አይሆንም» አሉ። «እኔን ማንም አይሸከመኝም። ስሞት ትሸከሙኛላችሁ፤ ያኔ አላይም።»

ንድድ አለኝ። እኔ ደግሞ ስናደድ አፌ አይመርጥም። «ልቀበልህ ሲሉህ ስጥ ብለው በላቸውን በሰው ፊት የተቆጡት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አልኳቸው።

ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ከፈቱ። «እሱ ተሸካሚ ነበር። እኔ ሸክም ነኝ። ለሸክም ያወጣሁት ሕግ የለም።»

ይህን ሲሉ ያ ድምፃቸው ወርዶ ነበር። ያኔ ነው የገባኝ። ፎቁን አልፈሩም። መንገድ በማያዩበት፣ አንድ ሰው በደጃቸው በማያልፍበት ቤት ውስጥ ተዘግተው መቅረትን ነው የፈሩት፤ ከዚያ የሚያወጣቸው ብቸኛ ነገር ደግሞ ያሳፍራቸዋል። አንጀቴን በሉት። አግዳሚዋ ላይ አብሬያቸው ተቀመጥኩ።

ዕቃ የሚጫንበት ቀን አይሱዙ መጣ። የእድሩ ዕቃ ቤትም ስለሚፈርስ በላቸው ድንኳኑን፣ ወንበሮቹንና ቃሬዛውን ወደ ሌላ ማስቀመጫ ሊያደርስ እዚያው መኪና ላይ ጫናቸው። ጋሽ መርሻ ኮታቸውን ለብሰው፣ ማንም ሳይነካቸው ግድግዳ ለግድግዳ፣ በየደጁ እያረፉ አስፋልቱ ደረሱና በላዳ ሄዱ። ኮንዶሚኒየሙ ሥር ስንደርስ «ራሴ እወጣለሁ፣ ማንም እንዳይነካኝ» አሉ። የደረጃውን ብረት በሁለት እጃቸው ይዘው ጀመሩ። የመጀመሪያውን መታጠፊያ ሳይጨርሱ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል። ወደ ላይም የለ፣ ወደ ታችም የለ። ሂሩት ከታች ቆማ ታለቅሳለች። በላቸው ሮጦ ፕላስቲክ ወንበር አመጣ፤ አስቀምጠናቸው ለሁለት ስናነሳው የወንበሩ እግር ተጣጠፈ። ለጥቂት ነው የተረፉት።

በላቸው ጭንቅላቱን አከከ። «ጋሽዬ፣ አንድ ነገር ብል ይቆጣሉ?»

«በል እስቲ።»

«ቃሬዛው መኪናው ላይ አለ።»

ሂሩት «በስመአብ» አለች። እኔ በላቸውን ገላመጥኩት። ጋሽ መርሻ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ እንዳሉ መሳቅ ጀመሩ። «እንግሊዞች ኬሪ ሳትመጣባቸው በፊት የራሳቸው የመሸከም ቃል ነበራቸው፣ ቤር የምትባል» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «ኬሪ ስትመጣ የቀን ሥራውን ነጠቀቻት፤ ለቤር መውለድና መከራ መቻል ቀሩላት። ቃሬዛን የሚጠሩት ከእሷ ባወጡት ስም ነው፤ ልደትንም እንዲሁ። እንግዲህ አምጣው በላቸው። ስንቱን ሸኝቼበታለሁ፣ እኔ ምን ነኝ?»

አስተኛናቸው። ጋቢ ስጡኝ አሉ። ብርድ አልነበረም። ጋቢውን እስከ አናታቸው ስበው ፊታቸውን ሸፈኑና ከሥር ሆነው «በሉ ውሰዱኝ። ማንም እንዳያየኝ» አሉን።

እኛ እንግዲህ የእድር ሰዎች ነን። ቃሬዛ ስንይዝ ማውራት አልለመደብንም፤ አንገታችንን ደፍተን፣ እርምጃችንን አስተካክለን መውጣት ጀመርን። ሂሩት ከኋላችን እያለቀሰች ትከተላለች። አስከሬን ከሆስፒታል ወደ ቤቱ ሲገባ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ታዲያ እኛን ያየ ሰው ምን ይበል?

ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ በር ተከፈተ። ወይዘሮ አስካለ ናቸው፤ ያኔ ስማቸውን አናውቅም፣ እሳቸውም እኛን አያውቁንም። ደጃቸውን ሊጠርጉ መጥረጊያ ይዘው ነው የወጡት። ቃሬዛውን አዩ፣ ሂሩትን አዩ። መጥረጊያውን ጥለው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ወይኔ ወንድሜን» ብለው ጮኹ። ጩኸታቸው ደረጃውን ይዞ እስከ ጣሪያው ወጣ። ከላይም ከታችም በሮች ተከፈቱ። አንዷ ደረቷን መታች። አንድ ስልክ ያወራ የነበረ ሰውዬ ስልኩን ኪሱ ከትቶ መጣና በላቸውን «ልቀበልህ» አለው፤ በላቸውም ያው ሕጉ ነውና ወዲያው ሰጠው። ሌላው ሂሩትን «ምንሽ ናቸው እህቴ?» ሲላት «አባቴ» አለች፤ ይኼኔ ለቅሶው ባሰ። እኔ «አልሞቱም» እላለሁ፣ ማን ይስማኝ።

ጋቢው ተንቀሳቀሰ።

«ገና ነኝ» አሉ ጋሽ መርሻ።

በዚያ በክፍል ድምፃቸው። አዲሱ ተሸካሚ ቃሬዛውን ሊለቀው ነበር። ሁሉም አንገቱን ወደ ቃሬዛው አሰገገ። ጋሽ መርሻ ጋቢውን ገለጥ አድርገው፣ አንዱን ዓይን ከፍተው ወይዘሮ አስካለን አዩ።

«እርስዎ ነዎት ያለቀሱልኝ?»

ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን የሚያደርጉበት ጠፍቷቸዋል። «አዎ ወንድሜ፣ አፉ ይበሉኝ፣ ዕድሜ ይጨምርልዎ።»

«አያውቁኝም እኮ።»

«ታዲያ ሰው በደጄ ሲያልፍ ዝም ልበል?»

  ጋሽ መርሻ ሁለተኛውንም ዓይን ከፍተው ወይዘሮ አስካለን አዩና መሳቅ ጀመሩ፤ ቃሬዛው በሳቃቸው ይነቀነቅ ጀመር። ያን ጊዜ ደረጃው ሁሉ ሳቀ። ሂሩትማ ስታለቅስ ነው ስትስቅ ነው፣ አለየላትም። ፊታቸውን ሳይሸፍኑ ነው የቀረውን ፎቅ የወጡት።

በማግስቱ ደወሉልኝ። ሰላምታ እንኳ የለም። «ድምፅ ምን ይዞ እንደሚሄድ አገኘሁት» አሉኝ። «ጋቢው ሥር ሆኜ የሴትዮዋ ጩኸት ከአጠገቤ ተነስቶ ላይ ድረስ ሲሄድ ሰማሁት። እኔን ይዞ ነው የሄደው። እናንተ ገና ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስታለከልኩ እሳቸው ሦስተኛ ፎቅ አድርሰውኝ ነበር። የማያውቁኝ ሴትዮ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በላቸውን ጥራልኝ። መውረድ እፈልጋለሁ» አሉ።

በላቸው ግራና ቀኙ መያዣ ያለው የብረት ወንበር በየደላቸው። ከዚያ በኋላ የፎቁ ወንዶች ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ ይዘዋቸው ይወርዳሉ፣ ከሥራ ሲመለሱ ይዘዋቸው ይወጣሉ። ማንም ሳያዛቸው ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። ጋሽ መርሻ ናቸው በትከሻ ከፍታ ያጣመሯቸው። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው «ዝቅ»፣ «ወደ ግራ»፣ «ልቀበልህ ሲልህ ስጠው እንጂ» ይላሉ። ቀኑን ግቢው በር ላይ ካለው ሱቅ ጎን ይውላሉ። ወይዘሮ አስካለ ከገበያ ሲመለሱ ዘንቢላቸውን ጋሽ መርሻ እግር ሥር ያሳርፉና «ይኼን በእንግሊዝኛ ምን ይሉታል?» ይሏቸዋል።

«ኬሪ።»

«በጣም ሲከብድስ?»

«ያው ኬሪ ነው።»

«ምስኪኖች» ይላሉ ወይዘሮ አስካለ፣ ዘንቢላቸውን አንስተው።

እኔ በኦሎምፒያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ከታክሲ ወርጄ እጠይቃቸው ነበር። እድገቱን መሥሪያ ቤቴ ለሌላ ሰው ሰጠው፤ ለእሳቸው ስነግራቸው «መንገዱ ይቅር፣ ጋሪው ደህና ነው?» ብለውኛል። አንድ ቀን «አሁንም ሲሸከሙዎት ያፍራሉ?» አልኳቸው።

«አፍራለሁ» አሉ። «እያፈርኩ እወርዳለሁ። ካልወረድኩ ምን አያለሁ?»

ያረፉት ጠዋት ነው። ሂሩት እንደነገረችኝ ኮታቸውን ለብሰው፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ የሚያወርዷቸውን ሰዎች እየጠበቁ ነበር።

የሬሳ ሳጥኑ በደረጃው መታጠፊያ አልዞር አለ። ታች ድንኳኑ ውስጥ አስቀመጥነውና እሳቸውን በቃሬዛው ለማውረድ ተስማማን፤ በዚያው ቃሬዛ። ያንኑ ጋቢ አለበስናቸው። በላቸው ከፊት ያዘ፣ እኔም ከጎኑ። የፎቁ ሰው በየበሩ ቆሟል። ማንም አያለቅስም። ወይዘሮ አስካለ የነጠላቸውን ጫፍ በእጃቸው ጨብጠው በራቸው ላይ ቆመዋል፤ አላዘቀዘቁትም። ዓይናቸው ጋቢው ላይ ነው። የሁላችንም ዓይን ጋቢው ላይ ነበር። ሐኪም እንዳያቸው እናውቃለን፤ የገነዟቸውም አብረውን አሉ። ግን እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ እግራችን ቀስ ይላል። «ዝቅ» የሚለን ሰው የለም፤ በላቸው ራሱ ዝቅ ይላል። ያ ባለስልኩ ሰውዬ «ልቀበልህ» አለኝ፣ ሰጠሁት፣ ጆሮዬን ወደ ጋቢው አስጠግቼ ጎን ጎናቸውን ወረድኩ። ወይዘሮ አስካለ ከኋላችን ተከተሉ።

ግቢው በር ላይ፣ ከሱቁ ጎን፣ ሁልጊዜ የሚቀመጡበት ቦታ ስንደርስ በላቸው ቆመና ወደ እኔ ዞረ።

«ምንም አላሉም?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት።

ያኔ ነው ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁት።